ምን አለ?

በሁለት አሮጌ አውቶቡስ፣ እንደ ጆንያ ተጭነን፣
በአንድ ወንበር ሦስት ሆነን፣
ከታቦር ሥር እስከ ትልቁ ግቢ፣ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋን፣
ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል፣ ሊያሳዩን ወሰዱን አንድ ቀን።

በደረት ኪሴ ይዣለሁ፣ አራት ጊዜ ያጠፍኩትን፣
የምርጫ ፎርም፣ ለልምምድ ብሎ መምህር ዳንጊሶ ያደለንን፣
በእርሳስ ሞልቼ፣ በላጲስ ፍቄ፣ ደግሞ ሞልቼ የሰረዝኩትን፤
ወረቀቱ ከመሳሳቱ፣ ጣቴ በማዶ ይታያል።
አንደኛ ምርጫ ባዶ ነው። ሁለተኛም።
ሦስተኛው ላይ አባቴ፣ በራሱ እጅ "ሕክምና" ብሎ ጽፏል፤
ከጎኑ የሽሮ ጠብታ አርፏል።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ሶፋ፣ የታሸገ ውኃ፣ የፕላስቲክ አበባ፤
ከኋላ እኛ፤ ከኋላም ኋላ፣ ነፋስ በሚገባበት በር አካባቢ፣
ሻላሞ፣ ዳንሳሜ፣ እኔ፣
አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ፣ ስንስቅ አብሮን የሚወዛወዝ።
ቆርቆሮው ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ
ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል።

ተጋባዡ እንግዳ ገባ። ኢንጂነር ሐሜሶ ይባላል አሉ፤
ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ጫማው ላይ ግን የእኛው መንገድ አቧራ አለ።
ማይኩን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ፣ "ይሰማል?" አለ።
ይሰማል።
"ልጆቼ፣ ስለ ምርጫ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ እሱም..."
መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩስ? ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፉስ? ዘበኛው ይዞታል።
ዘበኛውስ? ምሳ ወጥቷል።

እንግዳው ግን አልተቀመጠም፤ ከመድረክ ወርዶ ቀጠለ፤
የፊተኞቹ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤
ለእኛ የደረሰን ከንፈር ነው። ከንፈርና የአባ ኮዳ እርምጃ።

"ምን አለ?" አልኩት ከፊቴ ያለውን።
እሱም ከፊቱ ያለችውን፣ "ምን አለ?"
ጥያቄው ረድፍ በረድፍ ሄዶ፣ መልሱ በመጣበት መጣ፤
ግንበኞች እንደሚቀባበሉት ጡብ፣ በየእጁ ጥቂት እየተሸረፈ።

"ልባችሁን አድምጡ" አለ፣ የሚል ደረሰን መጀመሪያ፤
በሌላኛው ጎን የመጣው ግን፣ "የልብ ሐኪም ሁኑ" ይላል።
ሻላሞ ሁለቱንም ጻፈ።
"ከቤት ራቁ፤ ሩቅ ግቢ ሙሉ።"
ወዲያው ከግራ፣ "አትራቁ ነው ያለው፣ መስሚያህ ይጠረግ!"
"እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወልጄ..."
"ወንድ አይደል እንዴ?" ዳንሳሜ አፏን ያዘች።
ቆይቶ ነው "ወድቄ" መሆኑ የተጣራው።

ከበሩ ሥር፣ መወልወያዋን ተደግፋ፣ የጽዳቷ እትዬ አስካለ ቆማለች።
እሷም አልሰማችም፤ ዓይኖቿን አጥብባ ታየዋለች።
"ሐሜሶ ነው? የሦስተኛው ሕንፃ ሐሜሶ?
ይሄ ልጅ እኮ ሲመጣ፣ ያልመረጥኩት ደረሰኝ ብሎ፣
ሦስት ወር ሙሉ ሻንጣውን አልፈታም።
'ነገ እሄዳለሁ' ይለኛል፣ ስጠርግ እያነሳልኝ፤
ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ፤
አንድ ጠዋት ስገባ፣ ሸሚዞቹ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ፤ እኔም ወለሉን ጠረግኩ።"

መብራት መጣ።
ማይኩ እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ፤
እንግዳውም ወደ መድረኩ ተመልሶ፦
"...እንግዲህ ምስጢሩ ይኸው ነው። አመሰግናለሁ።"
ከሁሉ አብልጠን ያጨበጨብነው እኛ ነን።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጠብ ሊነሳ ነበር።
አንዱ "ግብርና አለ"፣ ሌላው "ንግድ"፤
መምህር ዳንጊሶ ከፊት ሆኖ፣ "ማስታወሻ የያዘ የለም?" ይላል፤
የሻላሞን ደብተር ተቀብሎ አነበበና፣
ምንም ሳይናገር መለሰለት።
በመስኮት ሐይቁ ለአፍታ ታየና፣ ሕንፃ ጋረደው።

ማታ አባቴ ራዲዮኑን ቀነሰ።
"እህስ፣ እንግዳው ምን አለ?"
"ሻንጣህን ፍታ፣ አለ።"
አባቴ ትንሽ አሰበ።
"የምን ሻንጣ?" አለኝ፣ "መቼ ገዛንና?"